ላይሰንስ ምርመራ ላይ እያለ ሥራ መፈለግ፦ አሜሪካ ላላችሁ ነርሶች

“ከቦርዱ ደብዳቤ መጣብኝ፤ አሁን ሌላ ሥራ ማመልከት እችላለሁ?”

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ሲመጣልን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ጠያቂዎቹ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ ያሉ ነርሶችና ሲኤንኤዎች ናቸው። ስማቸውን አይነግሩንም፣ እኛም አንጠይቅም። ለጓደኛ እንኳን ያልተነገረ ነገር ነው። አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፣ እዚህ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል አለ። ስለዚህ ያገኘነውን ሁሉ በአንድ ቦታ በአማርኛ ሰብስበነዋል። ለሚያስፈልገው ሰው ላኩለት፤ ባያስፈልጋችሁም ሴቭ አድርጉት።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ትችላላችሁ። ቦርዱ ላይሰንሱን እስካላገደው ወይም ገደብ እስካላደረገበት ድረስ ላይሰንሱ እንደ ትናንቱ ነው። ይሠራበታል፣ ሥራም ይፈለግበታል። እኛን የሚያሳስበን ከአቤቱታው በኋላ የሚሞላው የሥራ ፎርም ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

አቤቱታ ሌላ፣ ቅጣት ሌላ

በአሜሪካ የነርስ ላይሰንስ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የነርሲንግ ቦርድ አለው። ለቦርዱ አቤቱታ ማንም ማስገባት ይችላል፦ የታካሚ ቤተሰብ፣ አለቃ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም የተፋቱት የትዳር ጓደኛ። በብዙ ግዛቶች ደግሞ አሠሪው አንዳንድ ጥፋቶችን ለቦርዱ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል። የመድኃኒት ስህተት፣ ቆጠራ ላይ የጎደለ ናርኮቲክ፣ ያልተሠራ ነገር ቻርት ማድረግ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር፤ ሁሉም እዚያ ሊደርስ ይችላል።

አቤቱታ ሲገባ ቦርዱ መጀመሪያ ጉዳዩ እሱን የሚመለከት መሆኑን ያያል። ከተመለከተው መርማሪ ይመድባል። መርማሪው ቻርት ይጠይቃል፣ ምስክር ያነጋግራል፣ ለነርሷ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይም አለ። በመጨረሻ ፋይሉ ያለምንም ነገር ሊዘጋ ይችላል። ካልተዘጋ ደግሞ ከማሳሰቢያ ደብዳቤና ከተግሣጽ ጀምሮ የገንዘብ ቅጣት፣ ፕሮቤሽን፣ እገዳ፣ ሲብስም ስረዛ ሊመጣ ይችላል። “ተቀጥቻለሁ” የሚባለው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በሙሉ ምርመራ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ቦርዱ ነርሷ ሥራ ላይ ብትቆይ ታካሚዎች ወዲያውኑ ይጎዳሉ ብሎ ካመነ ምርመራው ሳያልቅ ላይሰንሱን በአስቸኳይ ማገድ ይችላል። ያኔ በነርስነት አንድ ሺፍት እንኳን መሥራት አይቻልም። “ካሽ የሚከፍል የቤት ሥራ ላይ ማንም አያየኝም” የሚባል ነገር እንሰማለን። በታገደ ላይሰንስ የነርስ ሥራ መሥራት ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ያለውንም ጉዳይ ያበላሸዋል።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ኤጀንሲዎች “ሺፍቱን ካልወሰድሽ አባንደንመንት ብዬ ለቦርዱ ሪፖርት አደርግሻለሁ” ይላሉ ሲባል እንሰማለን። ብዙ ቦርዶች አባንደንመንት የሚሉት ታካሚ ከተረከቡ በኋላ ለሌላ ነርስ ሳያስረክቡ ጥሎ መሄድን ነው። ተጨማሪ ሺፍት አልወስድም ማለት ወይም ቀድሞ ሳያሳውቁ ሥራ መልቀቅ አብዛኛውን ጊዜ የነርሷና የአሠሪው ጉዳይ ነው። የግዛታችሁ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ትርጉሙን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ማስፈራሪያው ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

ደብዳቤው

ከቦርዱ ጋር ያላችሁ አድራሻ ትክክለኛ መሆኑን ዛሬ አረጋግጡ። ከቤዝመንት ወደ አፓርታማ፣ ከአፓርታማ ወደ ሌላ ከተማ ስንዞር አድራሻ መቀየሩን ለባንክና ለስልክ ኩባንያ እንናገራለን፣ ቦርዱን ግን እንረሳዋለን። ደብዳቤው በድሮው አድራሻ ሄዶ መልስ ካልተሰጠ ቦርዱ እናንተ በሌላችሁበት ሊወስን ይችላል። “አልደረሰኝም” የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም፤ አድራሻ ማስተካከል የላይሰንሱ ባለቤት ኃላፊነት ነው።

መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። የትራፊክ ወይም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይሆን የላይሰንስ ጉዳይ የሚይዝ። የነርስ ጠበቆች ማኅበር የሆነው ታና ጠበቃ ለማፈላለግ ይረዳል። የራሳችሁ የማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ ካላችሁ ፖሊሲውን አውጥታችሁ እዩት፤ ብዙዎቹ ለላይሰንስ ጉዳይ የጠበቃ ወጪ የሚሸፍን ክፍል አላቸው። የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ግን ሆስፒታሉን የሚጠብቅ እንጂ እናንተን ቦርድ ፊት የሚወክል ነው ብላችሁ አታስቡ። ኢንሹራንስ ከአቤቱታ በኋላ ቢገዛ ያለፈውን አይሸፍንም፤ ምንም ያልደረሰባችሁ አንባቢዎች ለዚህ ነው አሁን ማሰብ ያለባችሁ።

ሁለት ነገር አታድርጉ። ነገሩን ለማስታወስ ብላችሁ የታካሚውን ቻርት ተመልሳችሁ አትክፈቱ። ሲስተሙ ማን መቼ እንደከፈተ ይመዘግባል፤ ለሕክምና ሥራ ካልሆነ መክፈቱ ራሱ የግላዊነት ሕግ ጥሰት ሆኖ ሌላ አቤቱታ ይወልዳል። ሁለተኛው፣ መልሱን ቻትጂፒቲ እንዲጽፍላችሁ የታካሚ ስምና ታሪክ አታስገቡበት። እንግሊዝኛው ቢያስጨንቅም በራሳችሁ ቃል የተጻፈ፣ ጠበቃ ያየው አጭር መልስ ይሻላል። ቦርዱ የሚፈልገው የሆነውን ነገር ነው፣ ያማረ ድርሰት አይደለም።

ቀጣሪው ምን ያያል?

አብዛኛው ቀጣሪ መጀመሪያ የሚከፍተው ነርሲስን ነው። ይህ የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት የሚያስተዳድረው፣ በነፃ የሚታይ የላይሰንስ ማረጋገጫ ነው። ስማችሁን አስገብታችሁ ራሳችሁ እዩት፤ ቀጣሪው የሚያየውን ታያላችሁ። ላይሰንሱ አክቲቭ ነው ወይ፣ መቼ ያልቃል፣ ቅጣት አለበት ወይ የሚለው ይታያል። ኢ-ኖቲፋይ የሚባል አገልግሎትም አለ። ነርስም ቀጣሪም በነፃ ይመዘገብበታል፤ ላይሰንሱ ላይ ለውጥ ሲኖር መልእክት ይልካል። ስለዚህ ቅጣት ከመጣ ቀጣሪያችሁ ከእናንተ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

በአብዛኞቹ ግዛቶች ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ለሕዝብ አይታይም። መደበኛ ክስ ሲቀርብ ወይም ውሳኔ ሲሰጥ ግን ሰነዱ ክፍት ይሆናል፤ አንዳንድ ቦርዶች ሙሉውን ትዕዛዝ ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፉታል። ግዛታችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያወጣው ማወቅ የራሳችሁ የቤት ሥራ ነው።

ሌላው ኤንፒዲቢ የሚባለው የፌዴራል መዝገብ ነው። በ1990 ሥራ የጀመረ ነው፤ የግዛት ቦርዶች በላይሰንስ ላይ የወሰዱትን እርምጃ በ30 ቀን ውስጥ እዚያ ያስገባሉ። ለሕዝብ ክፍት ባይሆንም ሆስፒታሎች ያዩታል። እናንተም ትንሽ ከፍላችሁ የራሳችሁን መዝገብ ማውጣት ትችላላችሁ። ገና ያልተወሰነበት የቦርድ አቤቱታ እዚያ አይገባም።

ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የሥራ ማመልከቻዎች ስለ ላይሰንስ የሚጠይቁት በተለያየ መንገድ ነው፤ የአንድ ቃል ልዩነት መልሱን ይገለብጠዋል። አንዱ ፎርም “ላይሰንስዎ ተቀጥቶ፣ ታግዶ ወይም ተሰርዞ ያውቃል?” ይላል። ምርመራ ላይ ብቻ ያለች፣ ከዚህ በፊት ምንም ያልደረሰባት ነርስ እውነተኛ መልሷ “አይ” ነው። ፈርታ “አዎ” ብትል ያልደረሰባትን ቅጣት በራሷ ላይ ጻፈች ማለት ነው። ሌላው ፎርም ግን “በአሁኑ ሰዓት በማንኛውም ቦርድ ምርመራ ላይ ነዎት?” ይላል። ያችው ነርስ፣ በዚያው ቀን፣ መልሷ “አዎ” ነው። ሦስተኛው ዓይነት “አቤቱታ ቀርቦብዎት ያውቃል?” የሚለው ነው። ይህ የተዘጋውንም፣ የተጣለውንም፣ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውንም ይነካል። “በእንጥልጥል ያለ እርምጃ አለ?” የሚል አሻሚም ይገጥማችኋል። ምርመራ “እርምጃ” ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለጠበቃ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ አትጠይቁ።

የተጠየቃችሁትን በትክክል መልሱ፤ ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም አትበሉ። ያልተጠየቀ ነገር ፎርም ላይ መዘርዘር ግዴታ አይደለም። የተጠየቀን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አቤቱታው ወደፊት ምንም ሳይገኝበት ሊዘጋ ይችላል፤ ፎርሙ ላይ የተጻፈው ውሸት ግን ፊርማችሁ አለበት። ከሁለት ዓመት በኋላም ቢገኝ ከሥራ ያስባርራል። ፎርሙ የላይሰንስ እድሳት ወይም የሌላ ግዛት የላይሰንስ ማመልከቻ ከሆነማ ውሸቱ ብቻውን ለቅጣት በቂ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በአንድ የቻርት ስህተት የተጀመረ ነገር “ቦርዱን አታለለች” ወደሚል ይቀየራል። ከዚህኛው መመለስ በጣም ይከብዳል።

ፎርሙን ስትፈርሙ ከታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍም አንብቡ። ብዙ ቀጣሪዎች “ከዚህ በኋላ በላይሰንሴ ላይ ለውጥ ካለ አሳውቃለሁ” የሚል ግዴታ ያስገባሉ። ስትቀጠሩ አልተጠየቃችሁም ማለት ሁልጊዜ ዝም ትላላችሁ ማለት አይደለም። የሞላችሁትን ፎርም ሁሉ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለአንዱ ሆስፒታል “አይ” ለሌላው “አዎ” ያላችሁበት ምክንያት የጥያቄው ልዩነት መሆኑን አንድ ቀን ማሳየት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ኢንተርቪው ላይ

“አዎ” ካላችሁ ማብራሪያ ይጠየቃል። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ በዚህ ወር ለቦርዱ አቤቱታ ቀርቧል፤ እየተባበርኩ ነው፤ ላይሰንሴ አክቲቭ ነው፣ ምንም ገደብ የለበትም፤ ጉዳዩ ስላላለቀ ዝርዝሩን እንዳልናገር ጠበቃዬ መክሮኛል። አለቀ። የድሮውን አለቃ መውቀስ፣ ማልቀስ፣ የታካሚውን ሁኔታ መተረክ አያስፈልግም። የታካሚውን መተረክማ በራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

እውነቱን እንናገር፤ ይህን ሰምተው “እናመሰግናለን፣ እንደውላለን” ብለው የማይደውሉ ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪ በዚህ ምክንያት አልቀጥርም ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም። እንደኛ ግምት በጣም የሚከብደው የትራቭል ነርስ ሥራ ነው፤ ኤጀንሲውም ሆስፒታሉም ለየብቻ ያጣራሉ። ሰው የሚያውቃችሁ ቦታ ይሻላል፦ ቀድሞ የሠራችሁበት፣ ሥራችሁን ያየች ቻርጅ ነርስ ያለችበት። ብዙ ሆስፒታሎች ሪፈረንስ ሲጠየቁ የሠራችሁበትን ቀንና የሥራ መደብ ብቻ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሥራችሁን ከሚያውቅ ሰው በስሙ የተፈረመ ደብዳቤ ዋጋ አለው። ኬዝ ማኔጅመንት፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ ግምገማ፣ ከአልጋ ራቅ ያሉ ሥራዎችም አሉ፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ አክቲቭ ላይሰንስ ይጠይቃሉ።

በኤች-1ቢ ቪዛ ላይ ላላችሁ ሰዓቱ በሌላ በኩልም ይቆጥራል። ሥራው ሲቋረጥ ያለው የእፎይታ ጊዜ እስከ 60 ቀን ነው፣ ቪዛው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ያንሳል። እዚህ ላይ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያስፈልጋል።

ግዛት ልቀይር?

“ከሜሪላንድ ወጥቼ ቴክሳስ ብሄድስ?” የሚለው ተደጋግሞ ይመጣል። አያዋጣም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኮሎራዶ በነርስ ላይሰንስ ኮምፓክት ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ላይሰንስ በብዙ ግዛት የሚያሠራው ስምምነት ማለት ነው። በኮምፓክቱ ውስጥ ያሉ ቦርዶች ከባድ የሆኑ የምርመራ መረጃዎችን ለሕዝብ ሳያወጡ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ነርሷ መኖሪያ ብትቀይርም የድሮው ግዛት የጀመረውን ምርመራ መጨረስ ይችላል። ቅጣት ከመጣ ደግሞ በሌሎቹ ግዛቶች የመሥራት መብቷ እስኪነሳላት ድረስ ይቆማል። ካሊፎርኒያ ኮምፓክት ውስጥ የለችም፤ ግን እዚያ ላይሰንስ ሲጠየቅም ማመልከቻው ስለ ታሪካችሁ ይጠይቃል። ወደ ገልፍ አገሮች መሄድ ያሰባችሁም፣ እዚያ የሚጠየቀው የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚሁ ላይሰንስ ከሰጣችሁ አካል ነው።

ለሲኤንኤዎች

የእናንተ መዝገብ ሌላ ነው። የነርስ ረዳቶች መዝገብ ይባላል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚይዘው ያው የነርሲንግ ቦርዱ ነው። አረጋዊን በማንገላታት፣ ችላ በማለት ወይም ንብረት በመውሰድ ጥፋተኛ ተብሎ ስማችሁ ከተጻፈ፣ የፌዴራል ሕግ ናርሲንግ ሆሞች እንዳይቀጥሯችሁ ይከለክላል። በመላው አገር ማለት ነው። ስለዚህ “ለትንሽ ሥራ ጠበቃ ምን ያደርጋል” አትበሉ፤ ከመጻፉ በፊት ቀርባችሁ የመሰማት መብት አላችሁ፣ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

“ላይሰንሱን መልሼላቸው ልገላገል”

ይህን ስንሰማ እንደነግጣለን። በምርመራ መሃል ላይሰንስ በገዛ ፈቃድ መመለስ ነገሩን አይዘጋውም። ቦርዶች እንደ እርምጃ ቆጥረው ይመዘግቡታል፣ ወደ ኤንፒዲቢ ይሄዳል። ከዚያ ሌላ በር ይከፍታል፦ የፌዴራል ጤና ሚኒስቴር ኢንስፔክተር ጀነራል፣ ላይሰንሱ የታገደ፣ የተሰረዘ ወይም መደበኛ የቅጣት ሂደት ላይ እያለ የተመለሰበትን ሰው ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ሊያገል ይችላል። የተገለለን ሰው ከእነዚህ ፕሮግራሞች በሚገኝ ገንዘብ መክፈል ለቀጣሪው ያስቀጣዋል፤ ሆስፒታልና ናርሲንግ ሆም ደግሞ ያለ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ አይኖሩም። ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የጽዳት ወይም የቢሮ ሥራ እንኳን ሲያመለክቱ ይጣራል።

ቦርዱ ጉዳዩን በስምምነት እንጨርስ ሲል የሚያቀርበው ኮንሰንት ኦርደርም እንዲሁ ነው። መፈረሙ አንዳንዴ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ግን ቅጣት ነው፣ ለሕዝብም ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ተቀጥተው ያውቃሉ?” ለሚለው መልሱ “አዎ” ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ ገደቦቹን አንብቡ። ናርኮቲክ አትንኪ፣ በኤጀንሲ አትሥሪ፣ ታካሚ ቤት አትሂጂ፣ አለቃሽ በየጊዜው ሪፖርት ይጻፍ የሚሉ ገደቦች የተለመዱ ናቸው። ሆም ኬር ብቻ የምትሠራ ነርስ ይህን ፈረመች ማለት ሥራዋን ለቀቀች ማለት ነው። ገደቡን በድርድር ማስቀየር የሚቻለው ከፊርማ በፊት ነው። ነገሩ ከሱስ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ብዙ ግዛቶች ከቅጣት ይልቅ በክትትል የሚያልፍ ፕሮግራም አላቸው፤ ቴክሳስና ቨርጂኒያ ውስጥ አለ።

የራዶንዳ ቮት ጉዳይ

“ተዘግቷል ተብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምንም የለም?” ለምትሉ ይህን ጉዳይ እወቁት። በታኅሣሥ 2017 (በፈረንጆቹ፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ቴነሲ ግዛት ናሽቪል ውስጥ ነርስ ራዶንዳ ቮት ማረጋጊያ መድኃኒት ልትሰጥ ጡንቻን የሚያደነዝዝ ሌላ መድኃኒት ሰጠች፤ የ75 ዓመት ታካሚ ሞተች። ቮት ስህተቷን ወዲያው ተናገረች። በ2018 የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት እርምጃ አያስፈልግም ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ቮት በሌላ ሆስፒታል የአልጋ ድልድል ሥራ አግኝታ ትሠራ ነበር። በ2019 ግን የወንጀል ክስ ተመሠረተባት፤ በዚያው ዓመት ውሳኔው ተገልብጦ የላይሰንሱ ጉዳይም ተከፈተ። በ2021 ላይሰንሷ ተሰረዘ። በመጋቢት 2022 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለች፤ በግንቦት የሦስት ዓመት ፕሮቤሽን ተፈረደባት። እንዲህ ያለው ጉዳይ ብርቅ ነው፤ ለዚህም ነው መላው አሜሪካ ያወራው። ሆኖም የተዘጋ ፋይል አዲስ ነገር ሲገኝ ሊከፈት እንደሚችል ያሳያል፤ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ።

ሲዘጋ

ቦርዱ ጉዳዩን ሲዘጋው የመዝጊያ ደብዳቤ ይልካል። ካልላከ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን ስካን አድርጋችሁ ከስልካችሁ ውጭ ሌላ ቦታም አስቀምጡት፤ ስልክ ይጠፋል። ነርሲስ ላይ ገብታችሁ ላይሰንሱ ንጹህ መሆኑን እዩ። ለቀጣሪያችሁ ምርመራ ላይ ነኝ ብላችሁ ከነበረ ደብዳቤውን ለኤችአር ላኩና ፋይላችሁ ውስጥ እንዲያስገቡት ጠይቁ። በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ “አሁን ምርመራ ላይ ነዎት?” ለሚለው መልሱ “አይ” ይሆናል። “አቤቱታ ቀርቦብዎት ያውቃል?” ለሚለው ግን አሁንም “አዎ” ነው፤ የመዝጊያውን ደብዳቤ ከሱ ጋር አያይዙት።